ባቡር የለቀቀው መሬት ባለቤት አለው

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በቤተስዳ ዙሪያ ቤት የገዛችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ከጓሯችሁ ጀርባ ባቡር ማለፍ አቆመ ብላችሁ አጥራችሁን አትግፉ።

ሀገር ቤት ድንበር ገፊ ምን ያህል እንደሚነወር ታውቃላችሁ። በየክረምቱ አንድ ትልም እየጨመረ የጎረቤቱን ማሳ የሚበላ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል፤ ልጆቹም ስሙን ይሸከማሉ። ታዲያ ያንን ነውር እዚህ ስንመጣ የት ጣልነው? «ማንም አይጠቀምበትም» ብሎ አጥር ማስጠጋት፣ የዕቃ ቤት መትከል፣ ጎመን መዝራት ያው ድንበር መግፋት ነው። የሚገፋው የሁላችን መሬት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ከጆርጅታውን ተነስቶ በቤተስዳ በኩል ሲልቨር ስፕሪንግ የሚደርሰውን አሮጌ የባቡር መስመር ተመልከቱ። የመጨረሻው ባቡር ያለፈበት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። በ1988 ሞንትጎመሪ ካውንቲ በሜሪላንድ በኩል ያለውን መሬት ገዛው። ብዙዎቻችን የምንሄድበት የእግርና የብስክሌት መንገድ፣ ካፒታል ክሬሰንት ትሬይል፣ የተሠራው በዚህ መስመር ላይ ነው። ቼቪ ቼዝ ውስጥ አንድ የቤት ባለቤት፣ አጥሩና የዕቃ ቤቱ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እዚያ እንደነበሩ ጠቅሶ «ለረጅም ጊዜ ስለያዝኩት መሬቱ በይርጋ የእኔ ሆኗል» ሲል ተከራከረ። የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2016 ክርክሩን ውድቅ አደረገው። የባቡር መስመር መሬት ለሕዝብ አገልግሎት የተያዘ ነው፤ አጥር ስለከበበው ብቻ የግል አይሆንም። ሃምሳ ዓመት እንኳ አላዳነውም። ያለፈው በጋ ያቆማችሁት አጥር እንዴት ያድናችኋል?

«ባቡሩ ከቆመ መሬቱ ለቀድሞው ባለቤት ይመለሳል» የምትሉም አላችሁ። በዚሁ መስመር ላይ ይህም ተሞክሯል። በ1911 መሬት የሰጠ ኩባንያ «የሰጠሁት ለባቡር ማለፊያ ብቻ ነበር» አለ። ፍርድ ቤቱ በ1999 የተሰጠው የማለፍ መብት ብቻ እንደነበር ተቀበለ። ነገር ግን በእግርና በብስክሌት መሄድም ማለፍ ነው፣ መብቱም አልተተወም አለ። ከዚህ ጀርባ የ1983ቱ የፌዴራል ሕግ አለ። ሕጉ ባቡር የቆመበት መስመር ሳይበጣጠስ በትሬይልነት እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ አንድ ቀን ባቡር ካስፈለገ እንዲመለስ። እኛው ጋም ባቡር እየተመለሰ ነው። አዲሱ የከተማ ባቡር፣ ፐርፕል ላይን፣ ከቤተስዳ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፈው በዚሁ መሬት ነው። መስመሩ በየጓሮው ተቆራርጦ ቢሆን ኖሮ ከየት ይመጣ ነበር?

እውነተኛ መብት ያለው ሰው ዝም ይበል አላልኩም። ዋናው ነገር ሰነዱ ነው። የባቡር ኩባንያው ያኔ መሬቱን ጭምር ገዝቶ ነበር ወይስ ማለፊያ ብቻ? ማለፊያ ብቻ ከሆነና የክልሉ ሕግ ከደገፋችሁ፣ መንግሥት ካሳ ሊከፍላችሁ ይገባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 በቬርሞንት ጉዳይ የ1983ቱን ሕግ አጽድቆ፣ ባለመሬቶች ግን ካሳ መጠየቅ እንደሚችሉ ወስኗል። በ2014 ደግሞ በዋዮሚንግ ጉዳይ ለባለመሬቱ ፈርዷል። ቀኑን ግን ጠብቁ። ለካሳ ክስ ያላችሁ ስድስት ዓመት ነው። የሚቆጠረውም ትሬይሉ ከተሠራበት ቀን አይደለም፤ የባቡር መስመሮችን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለትሬይል ድርድር ፈቃድ ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ጠበቃ አማክሩ፤ በቡና ላይ በተሰማ ወሬ አትመሩ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል። «ትሬይል ከመጣ ሌባ ይመጣል» እያላችሁ ትቃወማላችሁ። እኛው ግን ትናንት ጓሮ በሌለው አፓርታማ ውስጥ ልጆች አሳድገናል። ዛሬም ሎንግ ብራንች አካባቢ ልጁን ብስክሌት የሚያስተምርበት ቦታ ያጣ ወገን አለ። መንገዱ የእሱም ነው።

ካውንቲው ስብሰባ ሲጠራ ኑ። ቅሬታችሁን፣ መብራት ይሁን የአጥር ከፍታ፣ እዚያው ተናገሩ። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አጥር ሊያሳድስ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሰርቬይ፣ ማለትም የድንበር ልኬት፣ ያሠራ። አጥሩ ያለፈበትም ደብዳቤ እስኪደርሰው አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ራሱ ይመልሰው።