ሰው ሠራሽ እግር ዕቃ ነው ወይስ ሕክምና?

አዳማ ውስጥ እግሩ ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው፣ ሰው ሠራሽ እግር ሲያስፈልገው አሰላ ወዳለው የአካል ተሀድሶ ማዕከል ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የቀረው እግሩ ልክ በጀሶ ይወሰዳል፣ ሶኬቱ (የቀረው እግር የሚገባበት የሰው ሠራሽ እግሩ ቀፎ) ይሠራል፣ አካሄድ ይለማመድና ይመለሳል። ወራት ሲያልፉ የቀረው እግር ይከሳል፤ ልኩ የነበረው ሶኬት ይሰፋውና ይፈገፍገው ጀመር። ለማስተካከል እንደገና መሳፈር ገንዘብም የሥራ ቀንም ይበላል። ስለዚህ እዚሁ ብየዳ ቤት ወይም ጫማ ሰፊ ዘንድ ይወስደዋል፤ አንዱ ይሞርደዋል፣ ሌላው ስፖንጅ ይለጥፍበታል። ቁስሉ አመርቅዞ እግሩ ዳግም፣ ያውም ከጉልበት በላይ ቢቆረጥ፣ ተጠያቂው ማን ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት በር ያሳያል። አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጥሶ ሲያጠፋ ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ጥፋቱን ማስረዳት ግን የከሳሹ ሸክም ነው። አንቀጽ 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንዲክስ ያዛል። ሁለተኛው በር ለተጎጂ የሚቀል ይመስላል። ይሁን እንጂ “ለትርፍ” የምትለው ቃል በነጻ እግር የተሠራለትን ድሃ ከበሩ ትመልሰዋለች። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረም ሠሪው ነጻ ይወጣል።

በቅሎን “አባትሽ ማን ነው?” ቢሏት “ፈረስ አጎቴ ነው” እንዳለችው፣ ሠሪው ስለ ዕቃው ሲጠየቅ ሕክምናውን፣ ስለ ሕክምናው ሲጠየቅ ዕቃውን ሊጠራ ይችላል። በእኔ አስተያየት መስመሩ ሶኬቱ ላይ መሰመር አለበት። ከፋብሪካ የመጣው የሰው ሠራሽ እግሩ መርገጫ ወይም ማያያዣ ቢሰበር የዕቃ ጉድለት ነው። ሶኬቱ ግን ሕክምና ነው። ክብደቱ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ላይ እንዲያርፍ፣ በውጭ በኩል ያለው የአጥንት ጉብታና የቅልጥሙ ስለት ደግሞ እንዳይጫኑ ጀሶው በእጅ ይቀረጻል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሶኬት አያደርግም። በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ታካሚ ሲቆስል ስለማያመው ሶኬቱ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጥለት የባለሙያው ዓይን እንጂ የራሱ ስሜት አይደለም። ስለዚህ በሶኬት የደረሰ ጉዳት በአንቀጽ 2031 ይመዘን፤ ሥራው በሕክምና ተቋም የተሠራ ከሆነም ተቋሙ በአንቀጽ 2651 ስለ ሠራተኞቹ ጥፋት ይጠየቅ።

ይህን ስል “ያሉንን ጥቂት ባለሙያዎች በክስ ልታባርራቸው ነው” የሚለኝ አይጠፋም። ፍርሃቱ ይገባኛል። ዛሬ ግን ባለሙያውን የሚያጋልጠው ክሱ ሳይሆን የሥራ ወሰኑ ተለይቶ በእጁ አለመሰጠቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የፕሮስቴቲክስና ኦርቶቲክስ (የሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ) ማኅበር ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመዘኛ ታካሚን የሚመረምሩትንና የሚለኩትን፣ በወርክሾፕ ከሚሠሩት ቴክኒሺያኖች ይለያል። የሰው እጥረት ባለበት ቦታ ቴክኒሺያኑ ጀሶም ይወስዳል፣ ይሠራልም፣ ያስተካክላልም፣ አንዳንዴም ቁስል አይቶ “ይድናል” ይላል። የመጨረሻይቱ ቃል ከሁሉ የከፋች ናት። የተከፈተ ቁስል ያለበት ሰው ሶኬት እንዳይጠልቅለትና ወደ ሐኪም እንዲላክ የሚያዝዝ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ቢኖር፣ ቴክኒሺያኑ የሚቆጣውን ታካሚም የሚያጣድፈውን አለቃም “አይሆንም” ለማለት ጉልበት ያገኝ ነበር።

ባለ ብየዳውን መክሰስ ቀላሉ ነገር ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ታካሚውን ያለ ቀጠሮ የሸኘውን ተቋም ነው። ታካሚው መቼ እንደሚመለስ፣ ራሱ ምን ማድረግ እንደሚችል (ለምሳሌ ሶኬቱ ሲሰፋው በቀረው እግር ላይ ካልሲ መደረብ)፣ ምን መንካት እንደሌለበት የተጻፈበት ካርድ ይዞ ይውጣ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስተካከለም በፊርማ ይመዝገብበት። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል፤ ቀስ እያለ ለከፋ የሶኬት ቁስል ደግሞ ያ ሁለት ዓመት ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ለዳኛው የሚያሳየው ካርዱ ነው።