ስኳር ስንት ላድርግልሽ?

የአማርኛ ፊልም ሠሪዎቻችን ለሴት ልጅ የሰጡትን ክብር የሚያጣጥሉ ሰዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዙ በመምጣታቸው፣ የጎደፈ ስማቸውን ለማደስ ብዕር ማንሳት ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነገሩን የቀሰቀሰችው የእህቴ ልጅ ናት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አንድ ቀን «ጋሼ፣ እስኪ ጠንካራና እንደማንኛውም ሰው ሙሉ የሆነች ሴት ያለችበት የአማርኛ ፊልም ጠቁመኝ» አለችኝ። እኔም በሀገሬ ፊልም የምኮራ ሰው በመሆኔ «ከየቱ ልጀምርልሽ?» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ፤ ገና አልጀመርኩም።

«ጠንካራ» የሚለው ቃል ከመነሻውም አላሳሰበኝም፤ ጥንካሬማ በፊልሞቻችን ሞልቶ ተርፏል። ፊልሙ በተጀመረ በሩብ ሰዓት ውስጥ የጀግናችን እናት የአልጋ ቁራኛ ይሆናሉ፤ አከራይዋ ዕቃዋን አውጥቶ በር ላይ ይደረድረዋል፤ የምትወደው ሰው ደግሞ ከቅርብ ጓደኛዋ ጋር ተቃቅፎ ትደርስበታለች። ለምን ብላ ስትጠይቅ በጥፊ ይላታል፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራርጋ ዝም ትላለች። ወንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲጠጣ፣ ሲማግጥና ሲዋሽ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ይንበረከካል፤ እሷም ከጀርባ ክራር እየተቃኘላት ይቅር ትለዋለች። ይህን ሁሉ ተሸክማ ሳትሰነጠቅ ለፍጻሜ የበቃች ሴት ጠንካራ ካልተባለች፣ ሲሚንቶን ምን ልንለው ነው?

ከእህቴ ልጅ ጋር ሲኒማ ቤት በገባንበት አንድ ቀን፣ ከኋላችን ተቀምጦ የነበረ ተመልካች የይቅርታው ትዕይንት ላይ ስሜቱን መቆጣጠር አቅቶት «እሷ እኮ ሴት አይደለችም፤ ወንድ ናት!» ሲል ሰምቼዋለሁ። ይህ እንግዲህ በቋንቋችን ለሴት የሚሰጠው የመጨረሻው ኒሻን ነው። ይኸው ሰው ቀደም ብሎ ጥፊው ሲያርፍባት «ይበላት!» ብሎ ያጨበጨበ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት አስፈላጊ አይመስለኝም። የእህቴ ልጅ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጠንካራ ሴት ፍለጋ መጥተን ወንድ ሆና ከተገኘች፣ ፍለጋው እንደ አዲስ ሊጀመር ነው ማለት ነው?» አለችኝ። ዝም በይ አልኳት፤ ዝምታን ከጀግናዋ ትማር ብዬ ነው።

ሙሉ ሰውነትን በተመለከተም ቢሆን ደራሲዎቻችን አይታሙም። ለሴቷ ሙያ ይሰጧታል፤ ያውም ሐኪም ያደርጓታል። ባለፈው ያየናት ሐኪም ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ የልብ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ካፌ ገብታ ማኪያቶ አዘዘች፤ በዚያው ልብስ መኪና ነዳች፤ በዚያው ልብስ አለቀሰች። ፊልሙ እስኪያልቅ አንድም በሽተኛ አጠገቧ አልደረሰም። ማዳመጫው የታማሚ ልብ ምት ሳይሰማ ቢቀርም፣ እሷ የሰውየውን ልብ ያለ መሣሪያ ስለምታዳምጥ ጉዳት የለውም። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ ኩሏ እንደተኳለ፣ ሂዩማን ሄሯ አንድ ዘለላ እንኳ ሳይዛነፍ ነው፤ ይህንንም የሕክምና ሳይንስ ከደረሰበት ደረጃ ጋር አያይዤዋለሁ። ሐኪም ካልሆነች ሥራ አስኪያጅ ናት፤ የሥራዋም ዝርዝር ትልቅ ጠረጴዛ፣ የተከደነ ላፕቶፕና «ቀጠሮዎቼን በሙሉ ሰርዢልኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሀብታም ከሆነች ትቀጣለች፤ ፈት ከሆነች ጠንቋይ ቤት ትሄዳለች፤ ከአሜሪካ የመጣች ዲያስፖራ ከሆነች ደግሞ በአጭር ቀሚስ ቦሌ ላይ ወርዳ፣ በሁለተኛው ሳምንት በሀበሻ ቀሚስ ረከቦት ፊት ተቀምጣ ትገኛለች። የቤት ሠራተኛዋ ከገጠር የመጣች መሆኗ ብቻ ሊያስቀን ይበቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሌላ የምትናገረው ነገር አይጻፍላትም።

ከሁሉ በላይ የማደንቃት ግን የጀግናዋን ጓደኛ ነው። ቤት የላትም፣ ሥራ የላትም፣ ዘመድ የላትም፤ ርቧትም ደክሟትም አያውቅም። የተፈጠረችው «ምን ሆነሻል? ንገሪኝ እንጂ!» ለማለት ነው፤ ካለች በኋላም እስከሚቀጥለው ልቅሶ ድረስ የት እንደምትቆይ የሚያውቅ የለም።

የእህቴ ልጅ ግን በዚህ አልረካ ብላ ከባሕር ማዶ መመዘኛ ይዛ መጣች። አሊሰን ቤክዴል የተባለች አሜሪካዊት የካርቱን ሠዓሊ ከጓደኛዋ የሰማችውን ሐሳብ በ1985 እ.ኤ.አ. በአንድ የካርቱን ገጸ ባሕርይ አፍ እንዳስቀመጠችው፣ ለመታየት የሚበቃ ፊልም ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፦ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩበት፣ እርስ በርስ ይነጋገሩ፣ ንግግራቸውም ከወንድ ሌላ ስለሆነ ነገር ይሁን። ሴቶቹ ስም ይኑራቸው የሚለውን በኋላ ሌሎች ሰዎች ጨመሩበት። እኔ ይህን መስፈርት እንደሰማሁ ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም ከመሬት የተነጠፈ መስፈርት መሆኑ ገባኝ፤ በእሱ ላይ መዝለል ሳይሆን መራመድ ይበቃል። እናም በአንድ እሑድ ከሰዓት ሲኒማ ቤት ገብተን፣ እሷ የስልኳን ሰዓት ቆጣሪ ከፍታ ጠበቅን።

አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ላይ ሆነ። ሁለት ሴቶች ቡና አቅርበው ተቀመጡ፤ ሁለቱም ስም አላቸው። አንዷ ስኒውን አንስታ «ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» አለች። የእህቴን ልጅ ክንዷን ያዝኳት። ስኳር ወንድ አይደለም! በኢትዮጵያ ሲኒማ ስም ልቤ ዘለለ። ሌላይቱ ስኒውን ተቀብላ፣ ወደ መስኮቱ አሻግራ እያየች፣ እንባዋ ቀስ ብሎ እየወረደ «እሱ… ሁለት ነበር የሚያደርግልኝ» አለች። ሰዓት ቆጣሪው ሦስት ሴኮንድ ላይ ቆመ።

የፍቅሩን ክፍል በተመለከተ ደግሞ ሕግ አውጪዎቻችን የጣሉትን ቅርስ ፊልሞቻችን ጠብቀው ስላቆዩልን ውለታቸው አለብን። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት የጠለፈ ሰው ከተጠለፈችው ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ክፍት አድርጎለት ነበር። ከግንቦት 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በሩን ሲዘጋው፣ መጠጊያ አጥቶ የተንከራተተውን አንቀጽ ቤት ያስገቡት የፍቅር ኮሜዲዎቻችን ናቸው። ወጣቱ ልጅቷን ከመሥሪያ ቤቷ እስከ ሰፈሯ እንደ ጥላ ይከተላታል፤ ስልክ ቁጥሯን ለጥበቃው ጉርሻ ሰጥቶ ይቀበላል፤ መኪናዋን በመኪናው ዘግቶ ያስቆማታል። «አልፈልግህም» ስትለው አዳራሹ በሳቅ ይሞላል፤ በዚህ ዘርፍ «አልፈልግህም» ማለት «ፊልሙ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል» ማለት መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ ነው። መጨረሻ ላይ ሠርግ ይሆናል፤ ክሱም ይቋረጣል።

ይህ ወግ ትናንት የመጣ አይደለም። ቀድሞ በቴአትር መድረኮቻችን የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ቀሚሱን ለባለቤቷ መልሰን፣ ቃለ ተውኔቱን ብቻ ለራሳችን አስቀርተናል። በ1957 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልምም በሴት ስም የተሰየመ ነው፤ ሴት አናከብርም የሚሉን ይህን ይስሙ። የፊልሙ ርዕስ «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይላል። ገና በመጀመሪያው ቀን ስለ ሴት ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ጠይቀናል፤ ሂሩት ራሷ ማናት የሚለውን ጊዜ ሲገኝ እንደርስበታለን።

ለዚህ ደንብ አልገዛም ያሉ ጥቂት አፈንጋጮች አለመኖራቸው አይደለም፤ ዝም ብል ሐቀኛ አልሆንም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በተባለው ፊልሙ በእውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ፣ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠብመንጃ ስትገድል፣ አንዲት ጠበቃ ደግሞ ስትሟገትላት አሳይቷል። ጠበቃዋ ፍርድ ቤት ስትገባ በእውነት ክርክር አላት፤ መዝገብ ታገላብጣለች፣ ትሳሳታለች፣ ትናደዳለች፤ መጨረሻ ላይ ማንም አያገባትም። ሥራው ጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት ማግኘቱ የፈረንጅ ተመልካች ሠርግ እንደማይወድ ያሳያል። ያሬድ ዘለቀ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. እስከ ፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ድረስ በደረሰው «ላምብ» የባሰ ነገር አደረገ፤ በገጠር ቤት ውስጥ ልጅቱ ከትዳር ይልቅ ጋዜጣ ማንበብ ስትመርጥ፣ ወጥ መሥራት የሚችለው ትንሹ ወንድ ልጅ ነው። ኃይሌ ገሪማ ገና ተማሪ ሳለ በ1975 እ.ኤ.አ. በሠራው «ቡሽ ማማ»፣ ባሏ የታሰረባትን የሎስ አንጀለስ ድሀ ሴት ከነቁጣዋና ከነግራ መጋባቷ ማዕከል አድርጎ አስቀምጧታል። የጎንደር ልጅ ለጥቁር አሜሪካዊቷ ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ ለእኛዎቹ ክራር መቃኘት መች ያቅተን ነበር?

ለታሪካችንም ቢሆን ይኸው ጥበብ ቢደርስለት እመኛለሁ። እቴጌ ጣይቱ እንደነበሩት ቢቀርቡ ለስክሪፕት አይመቹም፤ ከምኒልክ በፊት አግብተው ፈትተዋል፣ የውጫሌን ውል ተቃውመዋል፣ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፣ በመቀሌው የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የጠላትን ውኃ አስይዘዋል፣ ይህ አልበቃ ብሏቸው አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ከፍተዋል። ይህን ሁሉ የምታደርግ ሴት መቼ ታልቅስ? አንድ ልምድ ያለው አዘጋጅ ቢያገኛቸው ግን ዓድዋን ከጀርባ በተኩስ ድምፅ ብቻ አሳልፎ፣ እቴጌይቱን እልፍኝ ውስጥ ዕጣን እያጨሱ «መቼ ይመጣ ይሆን?» ሲሉ ያሳየን ነበር። ከፊልሙ ምረቃ በኋላም ማይክራፎን ይዞ «ፊልሙ የሴቶቻችንን ጥንካሬ የሚያሳይ ነው» ይለናል፤ ቀኑ ማርች 8፣ የሴቶች ቀን ከሆነ ደግሞ አበባ ይታደላል።

ከዚያ እሑድ ትርኢት ወጥተን ከፒያሳ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ከፊታችን በስም የሚጠራሩ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ለሆቴሎች እንጀራ ለማቅረብ አሥር ምጣድ ልትተክል አስባለች፤ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ለማስገባት ምን ያህል እንደተመላለሰች ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች። ለብድሩ የቤቷን ካርታ ልታስይዝ መሆኑን ስትናገር ሁለተኛዋ «ቀልብሽን ጥለሻል እንዴ?» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ እስክሪብቶ ፈለገች፤ በፌስታል ጀርባ ላይ ወለዱን አሰላችላት። ተቆጡ፣ ተኳረፉ፣ ቀበና ድልድይ ላይ በሆነ ነገር ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ባለ ምጣዷ ደፋር ናት፤ ግን ፈርታለች፤ መፍራቷን ደግሞ ለመደበቅ ጤፍ ነጋዴውን... ይቅርታ፣ የጤፍ ዋጋን ትሳደባለች። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ መቁጠር ከጀመረች ቆይታለች። እኔ በበኩሌ ነገሩ አሳቀቀኝ፤ ጋዋን የለ፣ ክራር የለ፣ የሚንበረከክ ሰው የለ፤ ለፊልም የሚሆን አንዳች ነገር አላየሁበትም።

መገናኛ ልንደርስ ስንል ሁለተኛዋ «ወራጅ አለ» ብላ ተነሣች፤ ፌስታሉን ለጓደኛዋ እያቀበለች «ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ» አለቻት። እፎይ አልኩ። የእህቴ ልጅ ሰዓት ቆጣሪውን አቁማ አሳየችኝ፤ 23 ደቂቃ ይላል።