ራም ጨምሩበት

አሮጌ ዴስክቶፕ ብቻውን አይታመምም፤ ጠያቂ ይሰበስባል። ከወንበሩ ጀርባ ቢያንስ ሦስት ሰው ይቆማል። አንደኛው አቶ ፎርማት ነው፤ ማውሱ ቢሰበር እንኳ «ፎርማት ይደረግ» የሚል። ሁለተኛው ቫይረስ ነው ባይ ነው፤ የበሽታውን ስም ያወጣል እንጂ መድኃኒቱን አያውቅም። ሦስተኛው «ራም ጨምሩበት» ይላል፤ ይልና ይሄዳል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ራም ማሽኑ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርበት ሜሞሪ ነው፤ 2 ጊጋ ራም የዛሬን ብሮውዘር አይችለውም። ራሙ ሲሞላ ማሽኑ የተረፈውን ሃርድ ዲስኩ ላይ ይጭናል፤ ሃርድ ዲስኩም እየተንቋቋ አንዱን ሲያወጣ ሌላውን ሲያስገባ ይውላል። ምክሩ አልተሳሳተም፤ አጠረ እንጂ። «ራም ጨምሩ» ማለት «ጫማ ግዙለት» እንደ ማለት ነው፤ እግሩን የለካ የለም።

ልኩን እንለካ። የራም ትውልዶች የሆኑት ዲዲአር2ም ዲዲአር3ም 240 እግር (ወርቃማ መነካኪያ) አላቸው፤ ርዝመታቸው እኩል ነው፤ ከሩቅ ላያቸው መንትዮች ናቸው። የሚለያቸው ከታች ያለችው ስንጥቅ ናት፤ ቦታዋ በሁለቱ ላይ አይገጥምም። የሚፈልጉት ቮልቴጅም የመጀመሪያው 1.8፣ የሁለተኛው 1.5 ነው። ስንጥቋ የተሠራችው «ቆይ እኔ ላስገባው» ለሚል ጉልበተኛ ነው። አልገጥምም ካለች ክርክር የለም፤ ራሙ ወደ መጣበት ይመለሳል። ፍጥነቱን ተለጣፊው ይናገራል፤ ፒሲ3-10600 ማለት 1333፣ ፒሲ3-12800 ማለት 1600 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ ፈጣኑ በዘገምተኛው እርምጃ ይሄዳል፤ በዚህ ማንም አይሞትም።

ሰው የሚያስለቅሰው ሌላ ነው። የኢንቴል ጂ41 ቺፕሴት (ራሙንና ፕሮሰሰሩን የሚያገናኝ ቺፕ) ያለበትን ቦርድ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ እንውሰድ። በጠቅላላው ከ8 ጊጋ በላይ አይሸከምም፤ ራሙ ላይ ከተደረደሩት ጥቁር ቺፖች ደግሞ የአንዷ ልክ ከ2 ጊጋቢት ካለፈ አያውቃትም፤ 8 ጊጋቢት አንድ ጊጋ ነው። ስለዚህ 4 ጊጋው ራም 16 ቺፕ፣ በአንዱ ፊቱ 8 በሌላው 8፣ ሊኖረው ይገባል። በአንድ ፊቱ ብቻ 8 ቺፕ ያለው ባለ 4 ጊጋ እያንዳንዷ ቺፑ 4 ጊጋቢት ስለሆነች ቦርዱ ወይ ግማሹን ያነብባል፣ ወይ ጭራሽ አይነሳም። ሻጩ አልዋሸም፤ ራሙም ጤነኛ ነው፤ ቺፕ የቆጠረ ግን አልነበረም። «ለኤኤምዲ ብቻ» የተባለውን ርካሽ ራም ተፎካካሪው ኢንቴል ላይ መሰካት፣ ለሰርቨር የተሠራውን ሬጂስተርድ የሚባል ራም የቤት ማሽን ላይ መሰካት የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ሐሳቡ አይገጥምም።

አሁን ሽፋኑ ይከፈታል፤ ጠያቂውም ይጠጋል። ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ገመዱ ከግድግዳው ካልተነቀለ ፓወር ሳፕላዩ ለቦርዱ 5 ቮልት መላኩን አያቆምም። ገመዱ ይነቀል፣ ከዚያ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል ይፍሰስ፣ እጅም የኬዙን ባዶ ብረት ይንካ። የስሎቱ፣ የራሙ መሰኪያ፣ ጆሮዎች ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ስንጥቋ ከጥርሷ ጋር ትገናኛለች፣ ሁለት አውራ ጣት ሁለቱን ጫፍ እኩል ይጫናል። ሰው ሁሉ የሚፈራው እዚህ ነው። ቦርዱ ትንሽ ለመጥ ሲል «በቃ! በቃ! ሰበርከው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማል፤ እጅ ይነሳል፤ ራሙ አንድ ጫፉ ገብቶ አንድ ጫፉ በግማሽ ሚሊሜትር ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ቀጭ» ሳይል፣ ጆሮዎቹም ራሳቸው ተመልሰው ሳይነክሱት ገባ አይባልም። ከጎን ሲታይ ከስሎቱ በላይ የቀረው ወርቃማ መስመር ከጫፍ ጫፍ እኩል መሆን አለበት፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ አልገባም።

ማሽኑ ይበራል። ፋኑ ይዞራል። ስክሪኑ ጥቁር።

እዚህ ላይ ጉባኤው በአንድ ድምፅ «አዲሱ ራም ተቃጥሏል» ይላል። የመጣ እንግዳ ላይ ማላከክ ቀላል ነው። ቦርዱ ግን በቢፕ እየነገራቸው ሊሆን ይችላል፤ በብዙ አሮጌ ባዮሶች (ማሽኑን በሚያስነሱት የቦርዱ ፕሮግራሞች) የማያቋርጥ ረዥም ቢፕ «ራም አላየሁም» ማለት ነው። ቢፑ ካልተሰማም ጤና ነው አይባልም፤ ትንሿ ድምፅ ማውጫ ጭራሽ አልተገጠመች ይሆናል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይወደውም፦ ገመዱን ነቅሎ አዲሱን ማውጣት፣ በአሮጌው ብቻ ማስነሳት። ተነሳ? አዲሱን ብቻውን እዚያው ስሎት ላይ መሞከር። አሁንም ተነሳ? እንግዲያው ተጠርጣሪው ሁለተኛው ስሎት ነው ወይም የሁለቱ አለመስማማት። እግሮቹ ከወየቡ በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው፤ ፍርፋሪው ግን ስሎቱ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ይራገፍ። ከዚያም የቦርዱን ሲአር2032 ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ፤ ባዮሱ የድሮውን ልኬት ይረሳል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አድርጎ ሲነሳለት «ሠራ!» የሚል ሰው ምን እንደሠራለት አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወር ከዜሮ ይጀምራል።

በመጨረሻ አንድ ጽሑፍ ይመጣል፤ የሜሞሪው መጠን ተለውጧል፣ ኤፍ1 ይጫኑ። ጠያቂው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ምሥራች ነበር፤ መርዶ አስመሰሉት። ኤፍ1 ይጫናል፣ ዊንዶውስ ይገባል፣ 8 ጊጋ የተሰካበት ማሽን 3.25 ጊጋ ብቻ አለኝ ይላል።

አንዳንዴ ይህ የአንድ ጎበዝ ሥራ ነው፤ ኤምኤስኮንፊግ የተባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ «ፍጥነት ለመጨመር» የማክሲመም ሜሞሪን ሳጥን ምልክት አድርጎባታል፤ ምልክቱ ይነሳ። ባዮሱ 8 ጊጋ እያየ ዊንዶውሱ ካላየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ባለ 32 ቢት መሆኑ ነው። 32 ቢቱ ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም፤ ከ4ቱም ላይ ግራፊክስ ካርዱና ሌሎች ዕቃዎች አድራሻ ይቀንሱለታል። ወደ 64 ቢት በማሻሻያ መሻገር አይቻልም። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት የሚችል መሆኑን አይቶ፣ ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ነው። ከዚያ በፊት ግን ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነስቶ ሌሊቱን ማሳደር ይገባል፤ አንዲት ቀይ መስመር እንኳ ከታየች ራሙ ይመለስ፣ በታመመ ራም ላይ የተጫነ ዊንዶውስ ተበላሽቶ ይወለዳልና።

እንደ አዲስ መጫን ማለት ደግሞ፣ ምን ይደረጋል፣ ፎርማት ነው። ከኋላ ዝም ብሎ የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነ። ነገ ማውሱ ቢሰበር ማን ይችለዋል?