እባቡን ተዉትና ስለ ታይሉ እናውራ

ዝም ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈራችን ቤተክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ያስነገረውን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ከቤተልሔሙ ጀርባ ያሉት ጥዶችና ወይራዎች ይቆረጣሉ፣ ቦታው ታይል ይነጠፍበታል፣ ግማሹ ፓርኪንግ ይሆናል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢውን የሚንከባከቡት ልጆችም ከእንግዲህ "ሥራቸውን ያቁሙ" ተብሏል። ለምን ቢባል ማይክ የያዙት ሰውዬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ቁጥቋጦው እባብ ያስገባል፣ ቅጠሉ ግቢውን ያቆሽሻል፣ ደን እንደሆነ የገዳም ነው። ሕዝቡም አሜን አለ። አሜኑ ለእባቡ ይሁን ለታይሉ እስካሁን አልገባኝም።

እሺ ከእባቡ እንጀምር። እዚህ አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሐምሌ ላይ ሰው እንኳን በጋቢ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ፣ እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ ዳዊት ደግሜ ነው ያደግኩት፣ አንድ ቀን እባብ አላየሁም፣ አየሁ የሚል ሰውም አላጋጠመኝም። ያየሁት አይጥ ነው። እሱም ቁጥቋጦው ውስጥ አይደለም፣ አዳራሹ ጓዳ ውስጥ፣ ከድግስ የተረፈ ጆንያና ዕቃ በተከመረበት። አዳራሹ ደግሞ ታይል ነው! እንግዲህ ታይል አውሬ የሚከለክል ከሆነ ለአይጦቹ ማን ይንገራቸው። እንዲያውም እነሱን የምትለቅምልን ማታ ማታ ትልቁ ጥድ ላይ የምትቀመጠው ጉጉት ናት፣ ሟርተኛ እያልን እንሰድባታለን እንጂ ጥበቃው ከሚሠራው በላይ ትሠራለች።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። ልጆቹ ስል የሰንበት ተማሪዎች አሉ፣ ጡረታ የወጡ ሁለት መምህራን አሉ፣ ጸበል የሚቀዱት እናታችንም አሉበት። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀሪካን ተሸክመው ይመጣሉ፣ ሰዉ በየቦታው የጣለውን ፌስታልና ሃይላንድ ይለቅማሉ፣ ችግኝ ያጠጣሉ፣ በጋ ላይ በተሰበረ እንስራ ገል ውስጥ ለወፎቹ ውሃ ያስቀምጣሉ። ክፍያ የለም፣ አበል የለም፣ ቲሸርት እንኳን አላሠሩም። ጥፋታቸው ምን መሰላችሁ፣ መንገዱን ጠርገው ቅጠሉን አለማቃጠላቸው ነው። ዛፎቹ ስር ይመልሱታል። ይሄ ነው ቆሻሻ የተባለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ቅጠል ላይ ነው። ቅጠሉ ሲበሰብስ ስሩ ትል ይኖራል፣ ትል ካለ ወፍ አለ፣ ያቺ ጠዋት ጠዋት በከተማው ላይ እየጮኸች የምታልፈውን ቆልማማ ረጅም አፍ ያላትን ወፍ ታውቋታላችሁ አይደል፣ እሷ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ ዓለም ላይ የትም የለችም፣ የምትበላው ደግሞ ለስላሳ አፈር በአፏ እየወጋች የምታወጣውን ትልና ነፍሳት ነው፣ ታይል ላይ ምን ትውጋ? ሌሎቹ ወፎች ደግሞ የጥዱንና የወይራውን ፍሬ ለቅመው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል፣ ዘሩ እርጥብ አፈርና ጥላ ካገኘ ይበቅላል፣ ፀሐይ የሚያቃጥለው የተጠረገ መሬት ላይ ከወደቀ ግን ብዙው ይቀራል። ስለዚህ ቅጠሉንና ቁጥቋጦውን ያጠፋ ሰው አንድም ዛፍ ሳይቆርጥ ዛፉን መካን አድርጎታል ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመው ይታያሉ፣ ፎቶ ላይም ያምራሉ፣ ግን ልጅ የላቸውም። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. በጨረሱት የዶክትሬት ጥናታቸው ደቡብ ጎንደር ውስጥ 28 አብያተ ክርስቲያናት ዞረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል፣ ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ያ ሁሉ የተረፈው በቤተክርስቲያን ግቢ ነው። ችግሩ ደግሞ ከብት እየገባ ቡቃያውን ይበላዋል፣ ለዚህ ነው እዚያ ያሉ ካህናትና ምዕመናን ድንጋይ እየለቀሙ ዙሪያውን ካብ መካብ የጀመሩት። እነሱ በካብ ያስወጡትን ከብት እኛ በመጥረጊያ መልክ ገዝተን እያስገባን ነው።

ደን የገዳም ነው ላሉትም መልሱ እዚያው ነው፣ ደቡብ ጎንደር ላይ ደን የከበባቸው አብዛኞቹ እንደኛው ክርስትና የሚነሳባቸው፣ ፍትሐት የሚደረግባቸው ተራ አጥቢያዎች ናቸው። ደሞስ ግቢውን ራሳችን ምን ብለን ነው የምንጠራው? ዐፀደ ቤተክርስቲያን። ዐፀደ ወይን ሲባል የወይን አትክልት ማለት እንደሆነ የቆሎ ተማሪ ያውቃል። አክዓብ እንኳን፣ ያ ክፉ ንጉሥ፣ የናቡቴን ወይን ሲመኝ የአትክልት ቦታ ላድርገው ነው ያለው፣ ፓርኪንግ አላለም።

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እነዚሁ የኮሚቴ አባላት ኮፍያ አድርገው፣ አካፋ ይዘው ፎቶ ተነስተዋል፣ ፎቶው ቢሮው ግድግዳ ላይ ዛሬም አለ። ያኔ የተከሏቸው ችግኞች ስንቱ እንደጸደቀ ብትጠይቋቸው አንዱም አያውቅም፣ ከጸደቀው ጥቂቱን እስከዛሬ ሲያጠጡ የከረሙት ግን እነዚህ አቁሙ የተባሉት ልጆች ናቸው። ችግኝ ሲተከል ፎቶ፣ ዛፍ ሲሆን መጋዝ!

ክረምት ላይ ጭቃው ያስቸግራል፣ እሱን አልክድም፣ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ጭቃ ይጎትታሉ። ታዲያ ከደጀ ሰላሙ እስከ ቤተመቅደሱ አንድ መንገድ ድንጋይ አንጥፉ፣ አለቀ። ለዚህ ጥድ መቁረጥ ምን አመጣው? ፓርኪንጉስ ለማን ነው? አብዛኛው ምዕመን የሚመጣው በእግሩና በታክሲ ነው፣ መኪና ያላቸውን ሰዎች ደግሞ በጣት ቆጥሬ ልነግራችሁ እችላለሁ፣ ኮሚቴው ውስጥ ስንቶቹ እንዳሉ ጭምር።

"ወጣቶቹ ቅጠል ከሚለቅሙ ቅዳሴ ይቁሙ" ያሉት አባትም ሰምተውኝ ከሆነ፣ ልጆቹ ቅዳሴ ይቆማሉ። እርስዎ ኋላ ላይ መጥተው ከፊት ስለሚቆሙ ነው ያላዩአቸው።

እና ዲዛይኑን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉት፣ ስንት ዛፍ እንደሚወድቅና ግንዱ ለማን በስንት እንደሚሸጥ ጻፉበት፣ የጥድ እንጨት ዋጋውን ሁላችንም እናውቃለን። እስከዚያ ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንደ ልማዳችን እንመጣለን። በሩን ከቆለፋችሁት፣ ገሉ ከትልቁ ወይራ ስር ነው ያለው፣ ውሃውን እናንተ ሙሉላቸው።