ውዳሴ ለቢጫዋ ጄሪካን

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት ማለዳ ያየ ሰው ይመሰክራል። የኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ የተደገፈለት ሚኒባስ ኮፈኑን ከፍቶ ይታጠናል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ሰዓቱን ያያል፤ ረዳቱ ከመጨረሻው ወንበር ሥር ቢጫዋን ጄሪካን ጎትቶ ያወጣል። አምስት ሊትር ትይዛለች። በፊት የምግብ ዘይት ነበረባት፤ ትንሽ ዛሬም አልለቀቃትም። ዘይቱም የራዲያተሩን (የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ) የጎማ ቱቦ ከውስጥ ያለሰልሰዋል፤ ያው ማሳበጥ ማለት ነው።

ለዚህች ጄሪካን እስካሁን ሐውልት አልቆመላትም። ከቡራዩ፣ ከካራ፣ ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ የሚወጣው የሚገባው መኪና ሁሉ እሷን ይዞ ይዞራል፣ ምስጋናው ግን ለመካኒክ ይሄዳል። ግፍ ነው።

የጥበቡ መሠረት አጭር ነው፦ መኪናው ፈላ? ውሃ ጨምርበት። ለምን ጎደለ ብሎ መጠየቅ የሥራ ፈት ጠባይ ነው። የራዲያተር ውሃ የሚዞረው ተዘግቶ ነው፤ ደህና መኪና ወራት ቆይቶም ይህ ነው የሚባል ውሃ አይጎድለውም። በየሳምንቱ ሁለት ሊትር የሚጠጣ መኪና እንግዲህ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ወይ ፋሸታው (የቱቦው ማሰሪያ) ላልቷል፤ ወይ የራዲያተሩ ፕላስቲክ ተሰንጥቋል፤ ወይ ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ይንጠባጠባል። (ያቺ ቀዳዳ የተበሳችው የፓምፑ ማሸጊያ ሲያልቅ እንድትናገር ነው። ወሬ አብዝታለች ብሎ በማጣበቂያ የሚደፍናትም አለ።) ከሁሉ የከፋው ደግሞ በተቃጠለ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ በኩል ወደ ሲሊንደር ገብቶ በጭስ ማውጫው ነጭ ሆኖ የሚወጣው ነው። ያን ጊዜ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲሠራ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ይንተከተካል፣ የሞተር ዘይቱም ወተት እንደነካው ቡና ይሆናል። ጄሪካን ያለው ሰው ግን በዚህ ሁሉ አይጨናነቅም።

ሳይንሱም አላመለጠንም። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች እዚህ በ92 አካባቢ ይፈላል፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ በ90 አካባቢ። የሞተሩ የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ85 እስከ 95 ነው። ማለትም ክዳኑ ግፊት ካልያዘ መኪናው ምንም ሳይበላሽ ዳገቱ ላይ ይፈላል። 0.9 የሚል የግፊት ልክ የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን በእኛ ከፍታ ውሃውን ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። ይህን ሁሉ ጭነት የተሸከመችው ከክዳኑ ሥር ያለችው ጎማና ሞላ ናት። ጎማዋ ስትሰነጠቅ አዲስ ክዳን መግዛት ኩራት ነውና ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ ቆርጦ መተካት፣ እሱም ሲያቅት በፌስታል ጠቅልሎ ማጥበቅ የተለመደ ነው። የክዳኑ መሐል ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ትንሽ ባልቦላም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከትርፍ ውሃ መያዣው መልሳ የምትስብ ናት። በፌስታሉ ሥር ታፍና ስለምትውል ሌሊት የላይኛው የጎማ ቱቦ ተሸብሽቦ ያድራል። ጠዋት ሲታይ የከሳ ይመስላል።

ክዳኑን በትኩሱ መክፈትም ራሱን የቻለ ጀግንነት ነው። መጽሐፉ ሞተሩን አጥፍተህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ የላይኛውን ቱቦ በእጅህ ጨብጠህ ለስላሳ መሆኑን እይ፣ ከዚያ ወፍራም ጨርቅ ደርበህ እስከ መጀመሪያው እርከን ብቻ አዙረህ እንፋሎቱን አስተንፍስ ይላል። ተሳፋሪ እየጮኸ ማን ይጠብቃል? ፊትን ዘወር አድርጎ መክፈት ነው። ወዲያው የምንጭ ውሃ በደረቀው ሞተር ላይ መገልበጥ። የጋለ የብረት ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ምን እንደሚሆን የሚያውቁ እናቶች ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ቴስታታው ይጣመማል ወይ ይሰነጠቃል፤ ጄሪካኗ ምን አገባት?

ውሃ አንመርጥም። የቧንቧ፣ የጉድጓድ፣ የቦይ፣ ከመንገድ ዳር ወንዝ የተቀዳ፣ ሁሉም እርጥብ ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ክፍተት ውስጥ ቅርፊት ሲገባ ውሃው በየት በኩል ይለፍ? ኩላንት (አንቲፍሪዝ፣ ማለትም ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚከላከል) የሚባለውን ፈሳሽ ግን አጥብቀን እንቃወማለን። መከራከሪያችንም የማይበገር ነው፦ «አገራችን በረዶ የለ፤ አንቲፍሪዝ ምን ይሠራል?» ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ሲቀላቀል የመፍያውን ዲግሪ ከፍ እንደሚያደርግ፣ አሉሚኒየሙንና ፓምፑን ከዝገት እንደሚጠብቅ የሚያወራ ካለ የመለዋወጫ ነጋዴ ዘመድ መሆን አለበት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የሚባለው ተረት ስለ ወንዝ ብቻ ይመስለን ነበር።

ስለ ተርሞስታት ማውጣት ዝም ማለት አይቻልም። ሠፈራችን ውስጥ «ይህቺን አውጣና ገላግለው» የሚል ምክር የማይሰጥ ጋራዥ ማግኘት ከባድ ነው። ተርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ፣ በ82 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈት በር ነው፤ በሩ ሲነቀል ሞተሩ በሱሉልታ ብርድ ሳይሞቅ ውሎ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ይጠቁራል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ይኸው ተርሞስታት ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እሱ ራሱ ነው፤ እሱ ከሌለ ውሃው ራዲያተሩን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ይመለሳል። እንዳይፈላ ተብሎ ተነቅሎ የባሰ ፈላ ማለት ነው። ተርሞስታቱን በድስት ውሃ አፍልቶ መከፈቱን መሞከር አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ድስቱ የሽሮ ነው።

የወጥ ቤቱ ጉዳይ ከተነሳ፣ ቀዳዳ በእንቁላል ነጭ ይደፈናል የሚለውን ምክርም እናመስግን። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ ራዲያተሩ ውስጥም ይሄዳል፦ ቀዳዳዋን ትቶ ወደ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች፣ ከዚያም ወደ ካሎሪፈሩ (የመኪናው ውስጥ ማሞቂያ)። የተሰነጠቀውን ፕላስቲክ በማጣበቂያ መለሰንም እንዲሁ ነው። የድሮው የመዳብ ራዲያተር በቆርቆሮ ይበየድ ነበር፤ የዛሬው ግን አሉሚኒየምና ፕላስቲክ በጎማ ማሸጊያ ተቆልፈው የተሠሩ ናቸውና ማጣበቂያው እስከ መጀመሪያው ዳገት ድረስ ይቆያል።

ላቫጆውም የራሱን ያዋጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሰንዳፋ ገለባ ከአቧራው ጋር የራዲያተሩን ፊት ይሸፍናል። ልጁም በትልቁ ግፊት ከፊት ለፊት ይረጨዋል፤ ቀጫጭኖቹ ክንፎች እንደ ተረገጠ ሣር ይተኛሉ፣ ገለባውም ወደ ውስጥ ይገባል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጪ፣ በቀላል ውሃ፣ ኤሲ ካለም በኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ባለው የኤሲው ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ጭምር ማጠብ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከሁሉም የሚደነቀው በሙቀት መለኪያው ላይ ያለን እምነት ነው። ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ የመለኪያው ጫፍ አየር ውስጥ ስለሚቀር መርፌው ሊወርድ ይችላል። ሾፌሩም «አየህ፣ ቀዘቀዘልን» ብሎ ማርሽ ይጨምራል። ሞተሩ በዚያው ይሰናበታል።

አልፎ አልፎ አንድ ፈሪ ይመጣል። መኪናው ቆሞ ሲጠብቅ ብቻ ከፈላ ጥፋቱን ፋኑ (ማራገቢያው) ላይ፣ ዳገት ላይ ብቻ ከፈላ የተደፈነው ራዲያተር ላይ ይፈልጋል። ራዲያተሩን መቀየር ሲወስንም ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ይፈታል፣ ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ውሃውን በሳፋ ይቀበላል (ኩላንት ጣፋጭም መርዝም ስለሆነ ውሻና ልጅ እንዳይደርስበት ብሎ)። የላይና የታች ቱቦዎችን፣ የፋኑን ሶኬት፣ በ10 ቁልፍ ፋኑን፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አውቶማቲክ ከሆነ ሁለቱን የዘይት ቱቦዎች ፈትቶ አፋቸውን ይወትፋል። ከላይ ያሉትን ሁለት መያዣዎች ፈትቶ ራዲያተሩን ቀጥ አድርጎ ያነሳል፤ ከሥር የተቀመጠባቸውን ሁለት ጎማዎች አይጥልም። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ያስተያያል፤ ፋሸታዎቹን ይቀይራል። ከዚያ ካሎሪፈሩን ሙቅ ላይ አድርጎ ኩላንቱን ቀስ እያለ ይሞላል። ለአነስተኛ የቤት መኪና አምስት ወይ ስድስት ሊትር ገደማ ነው፤ የላይኛውን ቱቦ እየጨመቀ አየር ያስወጣል፣ ፋኑ ሁለቴ እስኪነሳና እስኪጠፋ ሞተሩን ያሠራል። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ደግሞ ያያል። የካምቢዮ ዘይቱንም ያያል። እንዲህ ያለው ሰው ዳገቱን ሳይቆም ያልፋል፣ እኛም «ምን ያስቸኩለዋል?» እንላለን።

ለተረፍነው ግን አንድ ምክር አለ። ጄሪካኗን ከመንገድ በፊት ጢም አድርጋችሁ ሙሉ፣ ክዳኗንም በፌስታል ደርባችሁ አጥብቁ። ወንበር ሥር ብትንጠባጠብ ምንጣፉ ይበላሻል።