ዲግሪው አለቀ፣ «አልረበሽኩሽም?» ግን አላለቀም

የመመረቂያ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የማቀርብበትን ዲፌንስ ካለፍኩ በሁለተኛው ሳምንት እናቴ ደወለች። ስልኩን እንዳነሳሁ «አልረበሽኩሽም?» አለችኝ። ሶፋ ላይ ነበርኩ። የማርመው ምዕራፍ የለም፣ የምጠብቀው የአማካሪ ኢሜይል የለም፣ ማስረከቢያ ቀን የለም። «ኧረ እማዬ፣ ጨርሻለሁ እኮ» አልኳት። «አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ እንዳልረብሽሽ ብዬ ነው» አለችና ደህንነታችንን ጠይቃ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ዘጋችው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። አምስት ዓመት ሙሉ እናቴ ከኔ ጋር ወሬ የምትጀምረው በይቅርታ ነበር። ያስለመድኳት እኔ ነኝ። «አሁን አልችልም፣ ማታ እደውላለሁ» እላታለሁ፣ ማታ ይረሳል፣ በነጋታው ሌላ ነገር ይመጣል፣ እሷም ቀስ በቀስ ወሬዋን እያሳጠረች፣ የሚያማትን እየደበቀች፣ በመጨረሻ «ደህና ነሽ? ደህና ነን» ላይ ደረስን።

ከባድ ትምህርት የጨረሰ ሰው ከ«እንኳን ደስ አለሽ» ቀጥሎ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ቀጥሎስ?» ምክሩም አብሮ ይመጣል። ብረት እንደጋለ ነው፣ ቶሎ ጽሑፉን አሳትሚ፣ ቶሎ የተሻለ ሥራ ፈልጊ ይሉሻል። ይህን የሚሉኝ ሰዎች ይወዱኛል፣ አውቃለሁ። ግን አልስማማም። ለኔ የመጀመሪያው ሥራ ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች «እኔን መጠየቅ ያቆማችሁት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሌላው ይደርሳል።

ትምህርቱ ሲያልቅ ቤቱ በራሱ ጊዜ ወደነበረበት የሚመለስ ይመስለናል። አይመለስም። እኛ ስንማር እነሱም ተምረዋል። ያለ እኛ መኖርን ተምረዋል።

እኛ ቤት ይህን ያሳየኝ በር ነው። የማጠናበት ክፍል በር ከተዘጋ እማዬ የለችም ማለት ነበር። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ልጆቹም ጠበቁልኝ። ስጨርስ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተውኩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንሹ ልጄ በዚያ ሲያልፍ አየሁት። ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞታል። በእግሩ ጣት እየተራመደ፣ ወለሉ የሚንቋቋበትን ቦታ እያወቀ እየዘለለ፣ ትንፋሹን ይዞ አለፈ። ማንም ዝም በል አላለውም። ስጀምር ሦስት ዓመቱ ነበር፣ አሁን ስምንት ሆኖታል። በዚያ በር ፊት ሌላ አካሄድ አያውቅም።

የቤት ሥራ ሲከብደውም እንደዚያው ነው። ደብተሩን ይዞ አጠገቤ ያልፍና አባቱ ጋ ይሄዳል። «እኔ ላሳይህ?» አልኩት። ትንሽ አየኝ። «አይ፣ አባዬ ያውቀዋል» አለኝ። ምንም ቂም የለበትም፣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። እንዲሁ እርዳታ የሚገኝበትን ቦታ ነው የነገረኝ።

ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትላ፣ አንድ ነገር ልማድ ለመሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ለማየት ሞክራ ነበር። ጥናቱ በመጽሔት ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሰዎቹ የመረጡት ቀላል ቀላል ነገር ነው፣ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት ወይም ከእራት በፊት መሮጥ ዓይነት። ነገሩ ሳያስቡት የሚያደርጉት እስኪሆን መካከለኛው ግምት 66 ቀን ሆነ፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። እንግዲህ ለፍራፍሬው ይህን ያህል ከፈጀ፣ አንድ ልጅ አምስት ዓመት የለመደው በእግር ጣት መራመድ በአንድ የእረፍት ሳምንት ይለቀዋል ብሎ መጠበቅ ልክ አይደለም። ብዙዎቻችን ደግሞ የምናደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ጉዞ እንሄዳለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ስጦታ እንገዛለን፣ ከዚያ «ካስናቸው» ብለን ወደሚቀጥለው ነገር።

በርግጥ የምንመለሰውም ደክመን ነው፣ ይህ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ ላይ የወጣ ጥናት በ26 አገሮች ያሉ 2,279 የድህረ ምረቃ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር፣ አብዛኞቹ የዶክትሬት ተማሪዎች ናቸው። 41 በመቶዎቹ ከመካከለኛ እስከ ከባድ የሚባል የጭንቀት ምልክት አሳይተዋል፣ 39 በመቶዎቹ ደግሞ የድብርት። ስለዚህ ገና ዲግሪውን ተቀብሎ የመጣ ሰው ቤተሰቡን ሊክስ ቢነሳ አቅሙ የለውም። እኔ መጀመሪያ ተኛሁ። ሦስት ሳምንት ያህል ሌላ ምንም አልሞከርኩም። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልገው ሁላችንም እንሰማለን፣ እኔ ግን ለዓመታት አምስት ሰዓት ከተኛሁ ተመስገን እያልኩ ነው የኖርኩት። ዓመት ከምናምን ያስተላለፍኩትን የጥርስ ሐኪም ቀጠሮም ሄድኩ። ይህ ቅንጦት አይደለም። ያልተኛች እናት ትቆጣለች፣ በቃ።

ከእንቅልፉ በኋላ ግን አንድ አደገኛ ወቅት አለ። ማስረከቢያ ቀን የሌለው ሳምንት ያስፈራል። ጠዋት ስትነሱ የሚያሳድዳችሁ ነገር የለም፣ ልባችሁ ግን እየተሳደደ ያለ ያህል ይመታል። ያን ጊዜ ማንም «ይቺን ኮሚቴ ግቢልን» ቢል እሺ ማለት ይቀናል። ሌላ ሰርተፍኬት፣ ሌላ ፕሮጀክት፣ ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ። እኔም ሁለት ነገር እሺ ብዬ ነበር። ሁለቱንም ደውዬ ይቅርታ ጠይቄ ተውኩ፣ እና እስከ ሦስት ወር ድረስ የግድ ካልሆነ አዲስ ነገር ላለመቀበል ወሰንኩ።

ሥራ አትቀበሉ ማለቴ አይደለም። ዕዳ ያለበት፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ሲመጣ ይቀበላል፣ መቀበልም አለበት። የመመረቂያ ጽሑፉም መታተሙ አይቀርም፣ እኔ ለሱ ረቡዕ ጠዋትን ሰጥቼዋለሁ። የምናገረው ከዚያ በላይ ስለምንጨምረው ነው። ያ የሚጨመረው ሰዓት የማን እንደነበር መጀመሪያ እንወቅ ነው የምለው።

ባለቤቴን አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠየቅኩት። «እነዚህን አምስት ዓመታት ልትጠይቀኝ ፈልገህ የተውከው ነገር ምንድን ነው?» ዝም አለ። «ምንም የለም፣ አሁንማ ጨረስሽ» አለኝ። አልገፋሁትም። በማግስቱ ማታ ሳህን እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ሊማር ስለፈለገው የማታ ኮርስ ነገረኝ። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ተመዝግቦ ነበር፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍሎ ነበር። ከዚያ እኔ የመስክ ሥራ ወጣሁ፣ እሱ ተወው። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ነግሬሽ ነበር» አለ።

ነግሮኛል። አሁን ሳስበው ትዝ ይለኛል። ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሬ «እሺ፣ እንነጋገራለን» ያልኩት ትዝ ይለኛል።

እዚህ ላይ አፍ ላይ የሚመጣ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ለሁላችንም ብዬ እኮ ነው የተማርኩት»። እባካችሁ ዋጡት። እውነት ነው፣ እኔም ለሁላችን ብዬ ነው የተማርኩት። ግን ያ ዓረፍተ ነገር ከተነገረ በኋላ ሌላው ሰው የሚናገረው ነገር አይኖረውም። አፉን ትዘጉታላችሁ። ቅሬታው ይውጣ። ሲወጣ ያማል፣ አንዳንዱ የተጋነነ ይመስላችኋል፣ አንዳንዱን እናንተ በሌላ መንገድ ነው የምታስታውሱት፣ ቢሆንም መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሙት።

ትልቋ ልጄን ስጠይቃት መልሷ «ምንም» ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አሁንም «ምንም» ነው የምትለው። ቅዳሜ ጠዋት አብረን በእግራችን እንወጣለን፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለን ነው የምንሄደው። አላስቸኩላትም። እሷ አምስት ዓመት ጠብቃኛለች።

ባል ወይም ልጅ የሌላችሁም ከዚህ አትወጡም። አባቷ ሲሞት መልእክት ብቻ የላኩላት ጓደኛ አለችኝ። የጽሑፌ ማስረከቢያ ሳምንት ነበር። ከዓመት በላይ አልፎት ሄድኩ። ምክንያት አልደረደርኩም፣ ይቅርታ ነው ያልኳት። ስለ አባቷ ሁለት ሰዓት አወራችኝ፣ ሕመሙን እንዴት እንደቻለው፣ የመጨረሻውን ሌሊት፣ እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ስላለው ሸሚዙ። ይህን ሁሉ ለኔ ብላ አቆይታ ነበር ማለት አልችልም። ግን ስጠይቃት አልከለከለችኝም።

አሁን ቤታችን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የባለቤቴ ነው። ኮርሱን ጀምሯል። እራት፣ ልጆቹን ማስተኛት፣ የቤት ሥራ፣ በነዚያ ሁለት ማታዎች ሁሉም የኔ ነው። እናቴ ጋ እሁድ እሁድ እኔ እደውላለሁ፣ ያለ ምንም ጉዳይ። እሷ ስትደውል አሁንም «አልረበሽኩሽም?» ብላ ትጀምራለች። ባለፈው እሁድ ግን ጉልበቷን እንደሚያማት ነገረችኝ፣ ከመቼ ጀምሮ ብዬ ስጠይቃት «ቆየ» አለችኝ፣ እና ሐኪም ቤት የምንሄድበትን ቀን ቆረጥን።

ሐሙስ ማታ ትንሹ ልጄ ደብተሩን ይዞ መጣ። በሩ ክፍት ነው። ደፉ ላይ ቆመና አንኳኳ። «ግባ» አልኩት። «አባዬ የለም» አለ፣ ደብተሩን ደረቱ ላይ እንደያዘ። «ክፍልፋይ ነው። ትችያለሽ?»

አጠገቤ ያለውን ወንበር ሳብኩለት።