«እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ?»

ባለፈው ጥቅምት ልጄን ይዤ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄድኩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ተራራማ ፓርክ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሀበሾች ቅጠሉ ሲቀላ ፎቶ ለመነሳት እንሄድበታለን። እኔም ስንት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ። አንድም ቀን ግን ስለ ተራራው የተማርኩት ነገር አልነበረም።

የአሁኑን ጉዞ ያመጣችው ልጄ ናት። አራተኛ ክፍል ናት። አሜሪካ ውስጥ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁሉ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የነጻ መግቢያ ማውጣት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ አሠራር ነው። ልጁ በዚያ መግቢያ ቤተሰቡንም ይዞ ይገባል። በሩ ላይ ወረቀቱን አውጥታ የሰጠችው እሷ ናት። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብላ «ዛሬ ጋባዧ እኔ ነኝ» አለችን። ፊቷን ብታዩት! ተራራውን በሙሉ የገዛችው ነበር የሚመስለው።

ገና እንደገባን አንድ ደብተር ሰጧት። «ታዳጊ ሬንጀር» የሚባል ነገር ነው፤ ሬንጀር ማለት የፓርክ ጠባቂ ነው። ጥያቄዎቹ ተሸምድደው የሚመለሱ አይደሉም። ሂጂ፣ እዪ፣ ንኪ፣ ሣዪ የሚሉ ናቸው። ሬንጀሯ ሳሩ ላይ ተንበርክካ፣ ከልጆቹ ዓይን ትክክል ሆና፣ «ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንድ ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር አንድ ጣት አውጡ» አለቻቸው። ጸጥ አለ። የልጄ ጣቶች አንድ በአንድ ተነሱ። ነፋስ። ወፍ። የደረቀ ቅጠል። ራቅ ብሎ የሚያልፍ መኪና። ከዚያ ሬንጀሯ አረንጓዴ የሚመስል ድንጋይ አስነካቻቸውና «ይሄ ድሮ እሳት ሆኖ የፈሰሰ ነው» አለቻቸው። ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ አለት ነው። ልጄ እጇን ከድንጋዩ ላይ ማንሳት አልፈለገችም።

ቀጥለን ወደ ኤግዚቢሽኑ ገባን። እኔን የያዘኝ እዚህ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲቋቋም ተራራው ባዶ አልነበረም። 500 ገደማ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር። መሬታቸው በሕግ ተወስዶ እንዲወጡ ተደረገ። ይህ ሁሉ ከነፎቶው ለጎብኚ ተቀምጧል። ፓርኩ ውስጥ ለጥቁሮች ለብቻ የተከለለ የድንኳን ቦታ እንደነበረም ይነግራል። ሉዊስ ማውንቴን ይባላል፤ የተከፈተው በ1939 ነው። ልጄ ይህን ሁለቴ አነበበችው። ምንም አላለችም። ከዚያ ቤታቸው በር ላይ ተሰብስበው ፎቶ የተነሱ ሰዎች ፊት ቆመችና «አባዬ፣ እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ?» አለችኝ።

መልሱን የሰጠቻት ሬንጀሯ ናት። ነገሩን አላለባበሰችም። አንዳንዶቹ መንግሥት ባዘጋጀው ሰፈር ገቡ፣ አንዳንዶቹ በራሳቸው ሄዱ፣ ጥቂት አዛውንቶች እስኪሞቱ እዚያው እንዲኖሩ ተፈቀደላቸው። ብዙዎቹ ግን ሳይወዱ ነው የወጡት አለቻት። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ! ፓርኩ ይህን ታሪክ በግልጽ ለማሳየት ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅቶበታል። የሆነው ሆኖ ዛሬ ይነገራል፤ ልጆችም ይጠይቃሉ።

ደብተሩን ስትጨርስ ልጄ ቀኝ እጇን አንስታ የታዳጊ ሬንጀርነት ቃል ገባች። ባጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እኔ ግን ሐሳቤ አገር ቤት፣ ወደ ስሜን ተራሮች ሄዶ ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ነው የተማርኩት። ብርቅዬ የዱር እንስሳትን በቃሌ ነው የያዝኳቸው። ዋሊያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን። ፈተና ላይ ሲመጣ ደፍኛለሁ። የደጋ አጋዘን አሥር ሳንቲም ላይ አለ፤ በየቀኑ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞር ነበር። ባሌ ተራሮች ላይ እንደሚኖር የገባኝ ግን ካደግኩ በኋላ ነው። የክፍል ጉዞ ሲባል ሶደሬ ነው። ዋና፣ ዳቦ፣ አውቶቡስ ውስጥ ዘፈን፣ ማታ መመለስ። ደስ ይል ነበር፣ አልክድም። ግን ከሶደሬ አለፍ ሲሉ አዋሽ ፓርክ አለ። ሳላ የሚጋልብበት ሜዳ፣ ፏፏቴው፣ የፈንታሌ ተራራ። የጅቡቲው መንገድ መሀሉን ሰንጥቆት ነው የሚያልፈው። እስቲ ልጆቹን እዚያ እናድርሳቸው ያለ ሰው አላስታውስም።

እ.ኤ.አ. በ2019፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ የእህቴን ልጅ ይዤ ስሜን ተራሮች ሄጄ ነበር። ያኔ 11 ዓመቱ ነው። የብሔራዊ ቡድናችንን የዋሊያዎቹን ማሊያ ለብሶ ነው የመጣው። አሰላለፉን ከበረኛ እስከ አጥቂ ይነግራችኋል። መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ ዋሊያ ግን ምን ይበላል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። በዓለም ላይ ስሜን ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ስሙን እንጂ ኑሮውን ማንም አላስተማረኝም።

የፓርኩ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ከተማ አንድ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጥበቃ፣ ተሰጠን። ጠመንጃው በትከሻው፣ ጋቢው በላዩ። ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር የሚባል ቦታ አካባቢ የጭላዳ መንጋ መሀል አስቀመጠንና ለልጁ «ማሙሽ፣ ዝም በልና ጣቱን እይ» አለው። አየን። ጭላዳው ሳሩን በጣቶቹ ነጨት ነጨት እያደረገ እጁን ይሞላና ወደ አፉ ይልካል። ጸጥ ሲባል ሳሩ ሲበጠስ ይሰማል። «ኑሮው ሳር ነው። ሲመሽ ደግሞ ገደሉን ወርዶ ያድራል፤ አውሬ እዚያ አይደርስበትማ» አለ ስካውቱ። ስለ ዋሊያም ተጠየቀ። ሳርም ቅጠልም እንደሚበላ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ መሀል እንደሚገኝ ነገረው። የእህቴ ልጅ ማሊያው ላይ ያለውን ሥዕል አሳየው። ስካውቱ ቀንዱን በጣቱ እየተከተለ የወንዱን ከሴቱ እንዴት እንደሚለይ አስረዳው።

ከዚያ በዱላው ወደ ማዶ አመለከተ። «ግጭ እዚያ ነው። የተወለድሁት እዚያ ነው» አለ።

ግጭ ፓርኩ ውስጥ የነበረ መንደር ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የሰው ሰፈራውና የከብት ግጦሹ እየበዛ ሄዶ ነበር። በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። በወረቀት ሲነበብ ይሄው ነው። ስካውቱ ግን እንዲህ ነው ያለን፦ «ዋሊያው እንዳይጠፋ እኔም እፈልጋለሁ። በራችን ላይ የነበረው ድንጋይ ግን ዛሬም ይናፍቀኛል። ልጅ ሆኜ እሱ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ከብት የምጠብቅ።»

እኔ ያንን ሰው ከሬንጀሯ አላሳንሰውም። እንዲያውም እሷ ካነበበችው ታሪክ እሱ የኖረው ይበልጣል። ልዩነቱ፣ እሷ የተቀጠረችው ለማስተማርም ጭምር ነው። ደብተር አላት፣ የሚመጡላት ልጆች አሏት። እሱ የተቀጠረው ለጥበቃ ነው። የሚያውቀውን ሁሉ እንደ ትምህርት የቆጠረለት የለም።

ደባርቅ የሚያስተምር ዘመድ አለኝ። ያኔ ማታ ቡና ላይ ስናወራ፣ ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሳንቃበርን ረግጠው እንደማያውቁ ነገረኝ። «መኪና የለንም። ልጆቹ ፓርኩን የሚያውቁት ቱሪስት የጫነ መኪና ሲያልፍ በማየት ነው» አለኝ። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው! ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከአሜሪካ የምሄደው እኔ የማየውን የደባርቅ ልጅ ሳያየው ያድጋል።

ታሪክስ ቢሆን እዚያው አይደል? ደረስጌ ማርያም ከስሜን ተራሮች ሥር ናት። ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት ቤተክርስቲያን ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1855 ነው። ከላይ ያለው ገደል ራሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳት ነው። አንዱን ጂኦግራፊ፣ አንዱን ታሪክ፣ አንዱን ባዮሎጂ ብለን በሦስት ደብተር ከፍለነዋል። ተራራው ላይ ግን አንድ ላይ ነው ያለው።

ከየፓርኮቹ በር ሥር ባሉት ልጆች ይጀመር ባይ ነኝ። ደባርቅ፣ ዲንሾ፣ መተሐራ፣ አርባ ምንጭ። በሳምንት አንድ ቀን አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ስካውት ከነአበሉ፣ አንድ ቀጭን ደብተር። የአዲስ አበባ ልጆች ደግሞ የመናገሻ ሱባ ደን አላቸው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ የተከለ ልጅ ያንን ጽድ አንድ ጊዜ ቢያቅፈው፣ የተከላት ችግኝ ምን ልትሆን እንደምትችል ያያል። የግጭም ታሪክ ይነገር። የሄዱት ሰዎች እዚያው ደባርቅ አሉ፤ ልጆች ጠይቀው መልስ የሚያገኙበት ጊዜ ገና አላለፈም።

ከሸናንዶዋ በተመለስን ማግስት የእህቴ ልጅ ጋ ደወልኩና ከልጄ ጋር አገናኘኋቸው። አሁን ጎረምሳ ሆኗል። እነዚያ የፓርክ ሰዎች የት እንደሄዱ ነገረችው። እሱ ደግሞ ስለ ግጭ ይነግራት ጀመር። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው እሰማለሁ። የጭላዳውን ጣት አልረሳም። የሳሩን ድምፅ አልረሳም። «እና በራቸው ላይ አንድ ድንጋይ ነበረ» አላት። ልጄ የታዳጊ ሬንጀር ደብተሯን ከፈተችና ከኋላው ባዶ ገጽ ላይ ድንጋዩን መሣል ጀመረች። «ትልቅ ነው ትንሽ?» ብላ ጠየቀችው።